ከሽፋኑ ይልቅ የጀርባው ገጽ

የመጽሔታችን አዘጋጆች «የታሪክ ጽሑፍ ላኪልን» ሲሉኝ፣ ስለ ትምህርት ቤታችን ታሪክ እንድጽፍ ሳይጠብቁ አይቀሩም። እሱን ግን ዘመኑን በዓይናቸው ያዩት መምህራኖቻችን ቢጽፉት ይሻላል። እኔ የማወጋችሁ ከዲዩቲና ከክሊኒክ በተረፈችኝ ሰዓት ለዓመታት ስለሰበሰብኩት ነገር ነው፤ «ፐልፕ» ስለሚባሉት የድሮ የአሜሪካ ርካሽ የልብ ወለድ መጽሔቶችና በውስጣቸው ስለታተሙት የመድኃኒት ማስታወቂያዎች። የምኖረውም የምሠራውም አሜሪካ ስለሆነ ዕቃው በቅርቤ ነው። የባች ጓደኞቼ ቤቴ ሲመጡ «ይሄን የተበጣጠሰ ወረቀት ምን ትሠሪበታለሽ?» ይሉኛል። መልሴ አጭር ነው። የሕክምናን ታሪክ በአብዛኛው የጻፉልን ሐኪሞች ናቸው። ሕመምተኛው ለሐኪም ለመናገር ያፈረውን ስሞታ ግን ተጽፎ ያገኘሁት በእነዚህ መጽሔቶች የጀርባ ገጾች ላይ ነው። (ዓመታቱ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

መጽሔቱ ምን ነበር?

«ፐልፕ» የሚለው ስም የመጣው ከወረቀቱ ነው። ወረቀቱ ተፈጭቶ እንደ ሊጥ ከላቆጠ እንጨት በርካሽ የሚሠራ፣ ሻካራና ቶሎ ቢጫ የሚሆን ነው። በ1896 ፍራንክ መንሲ የተባለ አሳታሚ «አርጎሲ» የተሰኘውን መጽሔቱን ከዳር እስከ ዳር ልብ ወለድ አድርጎ በዚህ ወረቀት ላይ ማተም ጀመረ። ወረቀቱ ርካሽ፣ ዋጋው ዝቅተኛ፣ ገዢው ብዙ። ሌሎችም ተከተሉት። ታርዛን ለመጀመሪያ ጊዜ የታተመው በ1912 «ኦል-ስቶሪ» በተባለው ፐልፕ ላይ ነበር። የወንጀል ታሪክ ወዳጆች የሚያውቁት «ብላክ ማስክ» በ1920፣ የሚያስፈራ ታሪክ የሚያወጣው «ዊርድ ቴልስ» በ1923፣ የሁጎ ገርንስባክ የሳይንስ ልብ ወለድ መጽሔት «አሜዚንግ ስቶሪስ» ደግሞ በ1926 ተጀመሩ። የፍቅሩ፣ የካውቦዩ፣ የአውሮፕላኑ፣ የባሕሩ ታሪክ ሁሉ የየራሱ መጽሔት ነበረው። ዋጋቸው በአብዛኛው ከ10 እስከ 25 ሳንቲም ነበር። የሚገዛቸው የፋብሪካ ሠራተኛው፣ የሱቅ ሻጯ፣ የቢሮ ጸሐፊዋ፣ ወታደሩ ነው።

ዘመናቸው ያበቃው ቀስ በቀስ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወረቀት ጠፋ፤ ከዚያም ኮሚክ፣ የኪስ መጽሐፍና ቴሌቪዥን አንባቢውን ተሻሙት። ትልቁ አሳታሚ ስትሪት ኤንድ ስሚዝ በ1949 ፐልፖቹን ከሞላ ጎደል ዘጋቸው።

ዛሬ ሰብሳቢው የሚሻማው በሽፋኑ ላይ ነው። በቀለም ያሸበረቀው ሽፋን፣ ለምሳሌ ማርጋሬት ብራንዴጅ ለ«ዊርድ ቴልስ» የሣለቻቸው፣ ካልተቀደደና ካልደበዘዘ ዋጋው አይቀመስም። እኔን የሚጠቅመኝ ደግሞ ሌላው ሰብሳቢ የሚተወው ነው። የፐልፕ ማስታወቂያዎች በብዛት የሚገኙት ከታሪኮቹ በፊትና በኋላ ባሉት ገጾች ላይ ስለሆነ፣ ሽፋኑ የተገነጠለ ቅጂ ለእኔ ሙሉ ነው። ሻጮቹ ከጠረጴዛ ሥር በካርቶን ያስቀመጡትን እየጎተትኩ ሳወጣ በአዘኔታ ያዩኛል። የወረቀቱ ጠላት ከራሱ ውስጥ ነው፤ እንጨቱ ውስጥ የቀረው ሊግኒንና አሲዱ እያደር ያደርቁታል፣ ስትገልጡት እንደ ደረቅ እንጀራ ይፈረፈራል። መድኃኒቱ ከአሲድ ነፃ የሆነ ካርቶን፣ ማይላር የተባለው ፕላስቲክ ከረጢት፣ ቀዝቃዛና ደረቅ ጨለማ ቦታ ነው። ብዙ ቤተ መጻሕፍት ያኔ «ተራ ነገር» ብለው ስላልሰበሰቧቸው የተረፉት በአብዛኛው በግለሰቦች እጅ ነው።

የስሞታ መዝገብ

አሁን ወደ ጀርባው ገጽ እንሂድ። ሰማንያና ዘጠና ዓመት ያለፈው አንድ ኦፒዲ በር ላይ የቆማችሁ ይመስላችኋል። ቡአ ያለበት፣ ኪንታሮት የሚያሠቃየው፣ የሚጥል በሽታ ያለበት ልጅ አባት፣ አስም ሌሊቱን የሚያስቀምጣት፣ በውፍረቷ የተሳቀቀች፣ በቅጥነቱ የሚሳለቁበት፣ ትምባሆ መተው ያቃተው። ሁሉም በየማስታወቂያው አለ።

ብዙ ጊዜ ከሚደጋገሙት አንዱ የቡአ ቀበቶ ነው። በዚህ ሥራ ከታወቁት ድርጅቶች አንዱ በሚሺጋን ግዛት ማርሻል በምትባል ትንሽ ከተማ የነበረው ብሩክስ ነው። ሰርጀሪ የተማርን ሁሉ እንደምናስታውሰው፣ ባሲኒ ዘመናዊውን የቡአ ቀዶ ሕክምና የጀመረው በ1880ዎቹ ነው። ታዲያ ከ40 ዓመት በኋላ ሰው ለምን ቀበቶ በፖስታ ያዛል? ቀዶ ሕክምናው ገንዘብ ይጠይቃል፣ ተኝቶ መክረምን ይጠይቃል፣ በቀን ሥራ የሚተዳደር ሰው ደግሞ ከተኛ ልጆቹ ምን ይበላሉ? በዚያ ላይ ሱሪ ማውለቅ አለ። ማስታወቂያው ይህን ሁሉ ያውቃል። ራስህ ለካ፣ ኩፖኑን ቆርጠህ ላክ፣ ዕቃው ምንም ባልተጻፈበት መጠቅለያ ይደርስሃል ይላል። ቀበቶው አንጀቱን ደግፎ ይይዝ ይሆናል፤ አይፈውስም። አንጀቱ ተቀርቅሮ የሚታነቅበት ቀን ሲመጣ ግን ኩፖን አያድነውም።

ሁሉም ነጭ ውሸት አልነበረም፤ ለእኛ ለሐኪሞች ትምህርት የሚሆነው ይሄ ነው። በፖስታ ይሸጡ የነበሩት የሚጥል በሽታ «መፈወሻዎች» ሲመረመሩ በአብዛኛው የተገኘባቸው ብሮማይድ ነበር። ብሮማይድ መጣሉን ይቀንሳል። ስለዚህ «ልጄ ተሻለው» የሚሉት የምስክርነት ደብዳቤዎች እውነት ሊሆኑ ይችላሉ፤ ያልተጻፈው መጠኑን የሚከታተል ሰው ሳይኖር ለወራት የወሰደው ልጅ መደንዘዙና ግራ መጋባቱ ነው። ከስብስቤ ውስጥ የምወዳት አንዲት የአስም ዱቄት ቆርቆሮ አለች። ዱቄቱ ይለኮስና ጢሱ ይማጋል። በእንዲህ ያሉት ዱቄቶች ውስጥ ዋናው ነገር እኛ አስተናግር ወይም አጤ ፋሪስ የምንለው ተክል ቅጠል ነው። ስሙን ያወጡት አባቶቻችን ሰውን እንዴት እንደሚያስለፈልፍ አይተዋል። በውስጡ ያለው አትሮፒን ግን የአየር ቧንቧን ያሰፋል፤ ዛሬ የምናዘው አይፕራትሮፒየም የእሱ ዘመድ ነው።

ከሁሉም በላይ የታወቀው ማስታወቂያ ደግሞ የቻርልስ አትላስ ነው። ጣልያን አገር የተወለደው አንጀሎ ሲሲሊያኖ ስሙን ቀይሮ፣ «44 ኪሎ የምመዝን ደካማ ነበርኩ» እያለ የሰውነት ማጎልመሻ ትምህርት በፖስታ ሸጠ። ባሕር ዳርቻ ላይ ጉልበተኛው አሸዋ የሚረጭበትን ቀጫጫ ልጅ የሚያሳየው ሥዕል ለብዙ ዓሥርተ ዓመታት ታትሟል። የሚሸጠው እንቅስቃሴ ስለነበር ጉዳቱ ትንሽ፣ ጥቅሙም የማይካድ ነበር። የሚነካው ቁስል ግን ያው ማፈር ነው።

ኩፖኑ ከተላከ በኋላ

መጽሔቱን ብቻ የሚሰበስብ ሰው ታሪኩን በግማሽ ያገኘዋል። ቀሪው ያለው ኩፖኑን ለላኩት ሰዎች በመጡት ቡክሌቶችና ደብዳቤዎች ውስጥ ነው። ኩፖኑ ላይ «ክፍል 12» ዓይነት ቁጥር ታገኛላችሁ። እንዲህ ያለ ክፍል በድርጅቱ ውስጥ ላይኖር ይችላል፤ ቁጥሩ የትኛው መጽሔት ብዙ ገዢ እንዳመጣ ማወቂያ ነው። ሰውየው ቡክሌቱን አይቶ ዝም ካለ ሁለተኛ ደብዳቤ ይመጣል፣ ከዚያ ሦስተኛ፤ በየደብዳቤው ዋጋው ይወርዳል፣ ቋንቋው እንደ ወዳጅ እየቀረበ ይሄዳል። የሕመምተኞቹ ደብዳቤዎችም ንግድ ነበሩ። ሰው ለማንም ያልነገረውን ጽፎ የላከው ወረቀት ከሌሎቹ ጋር ታስሮ ለሌላ ሻጭ ይሸጥ እንደነበር የዚያ ዘመን ጋዜጠኞች አጋልጠዋል። ሴቶች ምስጢራቸውን ለሊዲያ ፒንክሃም እንዲጽፉ የሚጋብዝ የታወቀ ማስታወቂያም ነበር። በ1905 «ሌዲስ ሆም ጆርናል» የመቃብር ድንጋይዋን ፎቶ አተመ፤ ሴትየዋ የሞተችው በ1883 ነው።

ሕጉ እንዴት ተከተለ?

በዚያው በ1905 ሳሙኤል ሆፕኪንስ አዳምስ የተባለ ጋዜጠኛ «ኮሊየርስ» በተባለው ሳምንታዊ መጽሔት ላይ የመድኃኒት ማጭበርበሩን በተከታታይ ጻፈ። በዓመቱ፣ በ1906፣ የመጀመሪያው የፌዴራል የምግብና መድኃኒት ሕግ ወጣ። አልኮል፣ ኦፒየምና ኮኬይን ካለበት ይጻፍ አለ። ሕጉ የሚያየው ግን ጠርሙሱ ላይ የተለጠፈውን ነበር፤ መጽሔት ላይ የሚወጣውን አይነካም። በ1911 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ጭራሽ «ይፈውሳል» የሚል የሐሰት ቃል በሕጉ አይከለከልም ብሎ ፈረደ። በ1912 ኮንግረስ ሕጉን ቢያሻሽልም ሻጩ ሆን ብሎ ማታለሉ መረጋገጥ ነበረበት፤ «አምኜበት ነው» ማለት ማምለጫ ሆነ። በእነዚያ ዓመታት በአሜሪካ ሕክምና ማኅበር ውስጥ ዶክተር አርተር ክራምፕ እንደ እኔ ማስታወቂያና ቡክሌት ይሰበስቡ ነበር፤ ልዩነቱ እሳቸው መድኃኒቱን በላቦራቶሪ አስመርምረው ውጤቱን ማሳተማቸው ነው።

ከሁሉም የሚያስገርመኝ የማርሞላ ጉዳይ ነው። ማርሞላ የማቅጠኛ ክኒን ሲሆን በውስጡ የደረቀ የእንስሳ ታይሮይድ ዕጢ ነበረበት። ሐኪም ሳያያት የምትውጠው ሴት ልቧ ላይ ምን እንደሚያደርስ ለእናንተ አልነግርም። የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ማስታወቂያውን አገደ። ጉዳዩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በ1931 ኮሚሽኑ ተረታ፤ ተወዳዳሪ ነጋዴ መጎዳቱ አልተረጋገጠም፣ የገዢው መጎዳት ብቻ አይበቃም ተባለ።

ሕጉን የለወጠው ሞት ነው። በ1937 መገባደጃ ማሰንጊል የተባለ የቴነሲ ኩባንያ ሰልፋኒላማይድን በዳይኢታይሊን ግላይኮል አሟሙቶ በሽሮፕ መልክ ሸጠ። ከ100 በላይ ሰዎች ሞቱ፣ በርካታ ሕፃናትም ነበሩባቸው። መድኃኒቱን ከገበያ ለመሰብሰብ የተገኘው ሕጋዊ ምክንያት «ኤሊክሰር» የሚለው ስም አልኮል መኖሩን እያመለከተ አልኮል ስለሌለበት ነው። መርዝ መሆኑ በሕጉ ጥፋት አልነበረም። በ1938 ሁለት ሕጎች ወጡ፦ አንዱ መድኃኒት ከመሸጡ በፊት ደኅንነቱ ይታይ አለ፣ ሌላው ለንግድ ኮሚሽኑ በሐሰተኛ የመድኃኒት ማስታወቂያ ላይ ሥልጣን ሰጠ። ከዚያ በኋላ በታተሙት ፐልፖች የማስታወቂያዎቹ አንደበት ሲለዝብ በዓይናችሁ ታዩታላችሁ። «ይፈውሳል» ሄዶ «ያስታግሳል» መጣ። የቡአው ቀበቶ ግን አልጠፋም። ሕግ ውሸትን ሊቀጣ ይችላል፤ ድህነትንና ማፈርን አይቀጣም።

ለእኛ ምን ይሆነናል?

በአገራችን «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይባላል። እነዚህ ገጾች ያስተማሩኝ በሽታውን የደበቀ ሰው ሻጭ እንደማያጣ ነው። ዛሬ ኩፖኑ ስልክ ውስጥ ገብቷል። ባለፈው ዓመት ክሊኒኬ የመጡ አንዲት የአገራችን እናት የታይሮይድ ምርመራቸው ከሕመማቸው ጋር አልገጥም ብሎ ሌላ ቦታ ሁለት ጊዜ ተደግሞላቸዋል። «እማማ፣ ወደ እኛ ከመምጣትዎ በፊት ምን ሞከሩ?» አልኳቸው። አቀርቅረው ቆዩና «እሱንስ ባትጠይቂኝ ይሻለኝ ነበር ልጄ» ብለው ከቦርሳቸው የማቅጠኛ ክኒን አወጡ። በስልክ አይተው ያዘዙት ነው። ሲያቆሙት ምርመራቸው ተስተካከለ። እኔ በልቤ «ማርሞላ!» አልኩ። ይህችን ጥያቄ ከሂስትሪ አወሳሰዳችን ውስጥ እንዳትወጣ ተማሪ የምታስተምሩ ባልደረቦቼን አደራ እላለሁ። ስትጠይቁም ድምፃችሁ ውስጥ ፍርድ አይኑር፤ ማስታወቂያው ሰውየውን አንድም ቀን ተቆጥቶት አያውቅም።

ሌላው ልመናዬ ስለ ወረቀት ነው። በየቤታችሁ የድሮ መነን፣ የካቲት፣ አዲስ ዘመን ያላችሁ ትኖራላችሁ። ስታስጠርዙ የማስታወቂያ ገጾቹን አታስወጡ፤ ጋዜጣ ስትቆርጡም ጽሑፉን ብቻ አትቁረጡ። የፋርማሲ ካላንደር፣ የመድኃኒት ቆርቆሮ፣ በራሪ ወረቀት ካገኛችሁ ጀርባው ላይ የት እንደተገኘና ዓመቱን በእርሳስ ጻፉበት፤ እስክሪብቶ ይበላዋል፣ ፕላስተርም አትለጥፉበት። የትምህርት ቤታችን ቤተ መጻሕፍት አንድ መደርደሪያ ከሰጠን የመጀመሪያውን ካርቶን ለመላክ ዝግጁ ነኝ። የእኛ አገር ሕመምተኛ ከሐኪም ደጅ በፊት የት የት እንደሄደ የሚጽፍ ሰው አንድ ቀን ይነሳ ይሆናል፤ ሲነሳ ወረቀቱን ይፈልገዋል።