ፕሮፌሰር ቶውኒ፦ የታሪክ ምርምርና የትምህርት ዕቅድ

የታሪክ ምርምር ለትምህርት ዕቅድ ምን ያህል እንደሚጠቅም የእንግሊዛዊው የኢኮኖሚና የፖለቲካ ታሪክ ሊቅ የፕሮፌሰር ሪቻርድ ሄንሪ ቶውኒ ሕይወት ያስረዳል። እ.ኤ.አ. በ1880 በሕንድ አገር በካልካታ ከተማ የተወለዱት ቶውኒ በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተምረዋል። ከ1908 ጀምሮም በሮችዴልና በሎንግተን ከተሞች ለጨርቃ ጨርቅና ለሸክላ ሠራተኞች በተከፈቱ ክፍሎች ታሪክ አስተማሩ።

በ1912 የታተመው መጽሐፋቸው፣ በ16ኛው ምዕተ ዓመት ባለመሬቶች የጋራውን መሬት እያጠሩ ገበሬውን እንዴት እንዳፈናቀሉት ይመረምራል። ከሠራተኞቹ ጋር ያደረጉት ክርክር ብዙ እንዳስተማራቸውም በመቅድሙ መስክረዋል።

ድህነት ከሥርዓት እንጂ ከተፈጥሮ እንዳልመጣ ያጠና ሰው የትምህርትን ዕድልም በዚያው ዓይን ይመለከታል። ስለሆነም በ1922 ለሌበር ፓርቲ ባዘጋጁት ጽሑፍ፣ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ለጥቂት ምርጦች ሳይሆን ለልጆች ሁሉ እንዲዳረስ ተከራከሩ። አባል የነበሩበት የሃዶው ኮሚቴም በ1926 የግዴታ ትምህርት እስከ 15 ዓመት ዕድሜ እንዲደርስ ሐሳብ አቀረበ፤ በሥራ ላይ የዋለው ግን በ1947 ነው።

ቶውኒ ከ1931 ጀምሮ በለንደን የኢኮኖሚክስ ትምህርት ቤት የኢኮኖሚ ታሪክ ፕሮፌሰር ሆነው ሠርተው በ1962 አረፉ። በሐሳቡና በአፈጻጸሙ መካከል ባለፉት 21 ዓመታት ብዙ ሕፃናት በ14 ዓመታቸው ከትምህርት ገበታ ተነሥተዋል። ዕቅድ አውጪው የመዘግየትን ዋጋ የሚለካው በእነዚህ ልጆች ቁጥር ሊሆን ይገባል።