ድሪቶ ከመኝታ ቤት እስከ ሥዕል ማሳያ አዳራሽ

ታሪክ ሲባል የብዙ ሰው ሐሳብ ወዲያው የሚሮጠው ወደ ነገሥታት ዜና መዋዕልና ወደ ጦር ሜዳ ነው። እኛም ለዚህ የበዓል መጽሔት የታሪክ ጽሑፍ እንድናቀርብ በተጠየቅን ጊዜ ስለ አንድ ታላቅ ጦርነት ልንጽፍ ተስማምተን ነበር። ነገር ግን ለበዓሉ ስንዘጋጅ የደረሰ አንድ ትንሽ ነገር ሐሳባችንን አስለወጠን።

ነገሩ እንዲህ ነው። የመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች ካረጀ ጨርቅና ከተጣለ ዕቃ የተሠራ የእጅ ሥራ በቤተ መጻሕፍቱ አዳራሽ እንድናሳይ ተወስኖ ነበርና እያንዳንዳችን ያለንን ይዘን መጣን። አንዲት የክፍል ጓደኛችንም አያቷ የሰፉትን የአልጋ ልብስ አመጣች። ልብሱ ከብዙ ዓይነት እራፊ የተቀጣጠለ ነው። ገና ስትዘረጋው ከመካከላችን አንዱ «ይኸማ ድሪቶ ነው!» ብሎ ሳቀ፤ ሌሎቻችንም አብረን ሳቅን። እርስዋም አንድ ቃል ሳትናገር አጣጥፋ ወደ ቤቷ መለሰችው። ኋላ ግን ሳቁ አልጣመንም። ለመሆኑ ድሪቶ የሚያስቀው ስለ ምንድን ነው? ብለን እርስ በርሳችን መጠየቅ ጀመርን፤ ይህም ጽሑፍ ከዚያ ጥያቄ የተነሣ ነው።

በአማርኛችን ድሪቶና ቡትቶ የልብስ ስሞች ብቻ ሳይሆኑ የስድብ ቃላትም ናቸው። የተደራረተ ልብስ የለበሰ ሰው ድኻ ነው፤ ድኻ መሆኑ ሳያንሰው በልብሱ ይሰደባል። ይሁን እንጂ በዚህ ቃል የምንሳደብ እኛው ራሳችን በየቤታችን ጨርቅ የማንጥል ሕዝብ ነን። ነጠላ ሲያረጅ የሕፃን መጠቅለያ ይሆናል፤ ሲሳሳ ደግሞ ለመወልወያ ይውላል። የአባት ኮት ተፈትቶ ለልጅ ይሰፋል። የተቀደደ ካልሲ እራፊ ተጠቅጥቆበት ኳስ ይሆናል፤ የጨርቅ ኳስ ሳይጫወት ያደገ ወንድ ልጅ በክፍላችን ካለ እጁን ያውጣ። ቆራሌው በየመንደሩ እየጮኸ የሚሰበስበው፥ ልዋጭ ባዩ አሮጌ ልብስ ተቀብሎ በምትኩ ዕቃ የሚሰጠው፥ በመርካቶም ምናለሽ ተራ ተከምሮ የሚሸጠው ሁሉ ይህንኑ ይመሰክራል። እንግዲህ ነውሩ የመጣው ከመቀጣጠሉ ሳይሆን ከድህነቱ ነው ማለት ነው።

ስለዚህ ነገር ካነበብነው ሁሉ ልባችንን የነካው ግን በአሜሪካ አገር፥ በአላባማ ግዛት የተፈጸመው ታሪክ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በዚያ የአላባማ ወንዝ ተጠማዞ በሦስት ወገን የከበባት ጂስ ቤንድ የምትባል መንደር አለች። በ1816 ዓ.ም. ጆሴፍ ጂ የተባለ ባለ ርስት ከባሪያዎቹ ጋራ መጥቶ የጥጥ እርሻ አቋቋመባት፤ በ1845 ዓ.ም. ደግሞ እርሻው ማርክ ፔትዌይ በሚባል ሰው እጅ ገባ። ባርነት በ1865 ዓ.ም. ከቀረ በኋላ ነጻ የወጡት ጥቁሮች የራሳቸው መሬት ስላልነበራቸው እዚያው በጢሰኛነት ቀሩ። የጌታውም ስም አልለቀቃቸውም፤ ዛሬም ከመንደሩ ሰዎች ብዙዎቹ ፔትዌይ ይባላሉ።

የዚህች መንደር ሴቶች ኩዊልት የሚባለውን የብርድ ልብስ ይሰፉ ነበር። ኩዊልት ማለት ሁለት ንብርብር ጨርቅ በመካከሉ ጥጥ ተነጥፎበት ከዳር እስከ ዳር በመርፌ እየተወጋ የሚሰፋ ነው። የላይኛውን ንብርብር የሚቀጣጥሉት ካለቀ የሥራ ሱሪ፥ ከቀሚስ ቁራጭና ከመኖ ከረጢት ነበር። ይህን የሚያደርጉት ለጌጥ ብለው አይደለም፤ ቤታቸው በሳንቃ የተሠራ፥ ነፋስ የሚያስገባ ስለ ነበረ ልጆቻቸው በብርድ እንዳያልቁ ነው። በ1932 ዓ.ም. ዱቤ ይሰጣቸው የነበረው ነጋዴ ሞተና ዕዳው በአንድ ጊዜ ተጠየቀባቸው፤ ከብታቸው፥ የእርሻ መሣሪያቸውና እህላቸው ሳይቀር ተጭኖ ተወሰደ። እንደዚህ ያለ ክረምት ያለፈበት ሰው ስለ እራፊ ዋጋ የሚያውቀውን እኛ በመጽሐፍ አናገኘውም።

ከሥራዎቻቸው አንዱን ለይተን እናንሣ። በ1942 ዓ.ም. ሚዙሪ ፔትዌይ የተባለች ሴት ባሏ በሞተባት ጊዜ የሥራ ልብሱን ሁሉ ፈትታ አንድ ብርድ ልብስ ሰፋችበት። እርሱን እያሰበች ልትሸፈንበት ፈልጋ እንደ ሆነ ልጇ አርሎንዚያ ከብዙ ዘመን በኋላ ተናግራለች። ከሥራ ልብስ በተሰፉት በእነዚህ ብርድ ልብሶች ላይ ዐይን የሚይዝ አንድ ነገር አለ፤ የሱሪው ጉልበት ከመታጠብና ከመንበርከክ ብዛት ነጥቶ፥ ኪስ የተነቀለበት ቦታ ግን ፀሐይ ስላላገኘው እንደ ጠቆረ ቀርቶ ይታያል። ልብሱን የለበሰው ሰው የት እንደ ተንበረከከና እጁን የት ይከት እንደ ነበረ ጨርቁ ይናገራል። ከዚህ የበለጠ የታሪክ ሰነድ ምን ሊኖር ነው?

በሚሲዮን ትምህርት ቤት ስላደግን ይህን ስናነብ በወንጌል ስለ አዲስ እራፊና ስለ አሮጌ ልብስ የተነገረው ምሳሌ ትዝ አለን። በልጅነታችን ምሥጢሩን እንጂ ስፌቱን አላስተዋልነውም ነበር። አዲስ ጨርቅ ሲታጠብ ይሰበሰባል፤ አሮጌውን ጎትቶ ይቀድደዋል። ደጋግሞ የታጠበ ጨርቅ ግን መሰብሰቡን ጨርሷልና ከመሰሉ ጋራ ተስማምቶ ይኖራል። መርፌ የያዘች ሴት ሁሉ ይህን ታውቃለች።

ወደ ታሪኩ እንመለስ። የመንደሩ ሰዎች በ1960ዎቹ ዓመታት ለምርጫ ለመመዝገብ ሲነሡ፥ ወንዙን ወደ ካምደን ከተማ የሚያሻግራቸው ጀልባ በ1962 ዓ.ም. እንዲቀር ተደረገ። ጀልባው ተመልሶ ሥራ የጀመረው በ2006 ዓ.ም. ነው፤ 44 ዓመት ማለት ነው! በየካቲት 1965 ዓ.ም. ማርቲን ሉተር ኪንግ ወደ መንደሩ መጥቶ ሰበከላቸው። በ1966 ዓ.ም. ሴቶቹ ከአካባቢው ሴቶች ጋራ ሆነው የስፌት የኅብረት ሥራ ማኅበር አቋቁመው ብርድ ልብሳቸውን እስከ ኒው ዮርክ ይሸጡ ጀመር። በ1972 ዓ.ም. ሲርስ ለተባለው ትልቅ ሱቅ የኮርዶሮይ ትራስ ልብስ እንዲሰፉ ውል ያዙ፤ ከመቀሱ የተረፈውንም ቁራጭ አልጣሉትም፥ ወደየቤታቸው ወስደው ብርድ ልብስ አደረጉት።

በ2002 ዓ.ም. እነዚህ ብርድ ልብሶች በሂውስተን የሥነ ጥበብ ቤተ መዘክር ግድግዳ ላይ ተሰቀሉ፤ ቀጥሎም በኒው ዮርክ ዊትኒ ታዩ። በ2006 ዓ.ም. የአሜሪካ ፖስታ ቤት በአሥሩ ሥዕል ቴምብር አሳተመ። በአልጋ ላይ የነበረው ነገር በግድግዳ ላይ ሲሰቀል ስሙ ተለወጠና ሥነ ጥበብ ተባለ። ነገር ግን ክብሩና ገንዘቡ እኩል አልመጡም። በ2007 ዓ.ም. ከሰፊዎቹ አንዳንዶቹ የድካማችንን ዋጋ አላገኘንም በማለት ፍርድ ቤት ክስ አቀረቡ፤ ጉዳዩም በሚቀጥለው ዓመት በስምምነት ተዘጋ። ይህን ምዕራፍ ዘለን ደስ የሚያሰኘውን ብቻ ብንጽፍ ኖሮ ታሪክ ጻፍን ለማለት ባልደፈርን ነበር።

ይህ የሩቅ አገር ወሬ ነው የሚለን አንባቢ ቢኖር፥ ከአገራችን ሰው ሥራ አንዱን እናስታውሰው። ሠዓሊው ኤልያስ ስሜ በ1968 ዓ.ም. አዲስ አበባ ተወልዶ፥ ዛሬ በአለ ፈለገ ሰላም ስም በሚጠራው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ተምሮ በ1990 ዓ.ም. ተመረቀ። እርሱም ቀለም ከመቀባት ይልቅ ሸራ ላይ በክር እየሰፋ መሣል ጀመረ፤ ቁልፍና የጠርሙስ ክዳን ሳይንቅ ይሰበስብ ነበር። ኋላም ከመርካቶ የተጣለ የኮምፒዩተርና የስልክ ውስጠ ዕቃ እየገዛ፥ ባለ ቀለሙን የኤሌክትሪክ ሽቦ እንደ ክር እየገመደና እየጎነጎነ በሳንቃ ላይ ይሠራው ጀመር። ከሩቅ የተመለከተው ሰው የተሸመነ ጥለት ወይም ከአውሮፕላን የታየ ማሳ ይመስለዋል፤ ሲቀርብ ግን ሽቦ ነው።

ከሥራዎቹ ብዙዎቹ በ2019 ዓ.ም. በኒው ዮርክ ግዛት በሚገኘው በሐሚልተን ኮሌጅ ግቢ፥ ዌሊን በሚባለው ቤተ መዘክር ታዩ። ከዚያም ተነሥተው ወደ አክሮንና ወደ ካናዳዋ ቶሮንቶ ዞሩ። የትርኢቱ ስም በአማርኛ ቢመለስ «የተወጠረ ገመድ» ማለት ነው፤ ሰው በአዲሱ ጥበብ ጥቅምና በሚያስከትለው ጉዳት መካከል ሚዛኑን ጠብቆ መሄዱን ለማመልከት የተሰጠ ነው። ቤተ መዘክሩ የኮሌጅ መሆኑን ልብ እንበል። ከመርካቶ ክምር የተገዛ ሽቦ ተማሪዎች ትምህርት የሚማሩበት ሆነ። በዚያው ዓመት ኤልያስ ከባለሙያዋ ከመስከረም አሰግድ ጋራ በጭቃና በጭድ ያሠሩት ዞማ ቤተ መዘክር በአዲስ አበባ ተከፈተ።

በእኛ አስተያየት በሁለቱ መካከል አንድ ልዩነት አለ። ኤልያስ የተማረ ሠዓሊ ነውና ሥራው ሲሰቀል ስሙ አብሮት ይሰቀላል። የጂስ ቤንድ ሴቶች ግን ስማቸው ግድግዳ ላይ እስኪጻፍ ድረስ ስንት ብርድ ልብስ አልቆ፥ ስንቱም ሰፊ ሞቶ ነበር። ቀለም ከቀለም መርጦ ማጋጠሙን፥ ሰማያዊው አጠገብ ቀዩ ይምጣ ብሎ መወሰኑን ግን በቤታቸው ሳሉ ጨርሰውታል፤ ቤተ መዘክሩ ዘግይቶ ደረሰ እንጂ ምንም አልጨመረበትም።

ጓደኛችንን ይቅርታ ጠይቀን የአልጋ ልብሱን እንድታመጣው ለመንናት። ሁለት ቀን አሰበችበትና አመጣችው። በአዳራሹ መግቢያ ሰቅለን፥ ከሥሩ በወረቀት የአያቷን ስም ጻፍንና «ከአሮጌ ልብስ የተሠራ» የሚል ጨመርንበት። በወላጆች ቀን አያቷ ነጠላቸውን አጣፍተው መጡ። ወረቀቱን የልጅ ልጃቸው አነበበችላቸው። እሳቸውም ቀረብ ብለው ልብሱን በጣታቸው እየነኩ፥

«አሮጌ ልብስ ብላችሁ አትለፉት ልጆቼ። ይኸ የአባቷ የትምህርት ቤት ልብስ ነው፥ ገና አራተኛ ክፍል ሳለ። ይኸኛው የዱቄት ከረጢት ነው፤ ይኸ ደግሞ የእኔ የሰርግ ቀሚስ ጫፍ» አሉን።

«እማማ፥ ቀስ ብለው ይንገሩን፥ እንጽፈዋለን» አልናቸው። ወረቀቱ አልበቃ ስላለን ከሥሩ ሌላ ቀጠልንበት።