ስም ከግብር ሲለያይ

«ስምን መልአክ ያወጣዋል» ይባላል። ለኮምፒዩተር ሥራ ግን ስም የሚያወጣ ሰው ነው፤ ሰውም ሲሳሳት ጉዳቱ ለብዙዎች ይተርፋል። ይህንንም ከፖስትግሬስ ታሪክ ለመረዳት ይቻላል።

ፖስትግሬስ እ.ኤ.አ. በ1986 በበርክሊ በሚገኘው በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ፥ በፕሮፌሰር ማይክል ስቶንብሬከር መሪነት የተጀመረ የመረጃ ቋት ሶፍትዌር ነው። የመረጃ ቋት ግብዣ ያለበትን ቤት ይመስላል፤ እንግዳው ማዕዱን ያያል እንጂ በጓዳ የሚደክሙትን አያይም። እንደዚሁም ጠያቂው መልሱን ሲቀበል፥ ከበስተጀርባ ካሉት ሂደቶች አንዱ ይጽፋል፥ ሌላው ያጸዳል። የማይታይ ሠራተኛ የሚታወቀው በስሙ ስለ ሆነ፥ ስሙ ግልጽ ሊሆን ይገባዋል።

እ.ኤ.አ. በ2005 በወጣው በ8.0 እትም «የበስተጀርባ ጸሐፊ» የተባለ ሂደት ተጨመረ። ስሙ አንድ ቢሆንም ሥራው ሁለት ነበረ፤ አንደኛው ለውጦችን ጥቂት በጥቂት በዲስክ ላይ ማስፈር፥ ሁለተኛውም «ቼክፖይንት» ነው፤ ይኸውም በየተወሰነው ጊዜ እስከዚያ ሰዓት የተለወጠውን ሁሉ በዲስክ ማጽናት ማለት ነው። በ2012 በ9.2 እትም ሁለተኛው ሥራ ተለይቶ «ቼክፖይንተር» ለተባለ ሂደት ተሰጠ። ይሁን እንጂ የቼክፖይንቱ ቍጥር እስከ 2024፥ እስከ 17 እትም ድረስ፥ በቀድሞው ጸሐፊ ስም በሚጠራው ሰንጠረዥ ውስጥ ቆየ። እንግዲህ የአንዱ ድካም 12 ዓመት ሙሉ በሌላው ስም ሲቈጠር ኖረ ማለት ነው።

ከዚህም የባሰ ነገር ነበረ። ፖስትግሬስ ማናቸውንም ለውጥ በዋናው ፋይል ከማስፈሩ በፊት በልዩ መዝገብ ይጽፈዋል፤ መብራት በድንገት ቢጠፋ መረጃው የሚድነው በዚህ ነው። የመዝገቡ ማኅደር ስም ግን «ፒጂ ኤክስሎግ» ነበረ። «ሎግ» ሲባል ተራ የውሎ ማስታወሻ ስለሚመስል፥ አንዳንድ ሰዎች የማያስፈልግ መስሏቸው ፋይሎቹን ደመሰሱ፤ መረጃቸውም ላይመለስ ጠፋ። ስለዚህ በ2017 በ10 እትም ማኅደሩ «ፒጂ ዋል» ተባለ። «ዋል» ማለት «አስቀድሞ የሚጻፍ መዝገብ» ለሚለው የእንግሊዝኛ ስም አኅጽሮት ነው። ይህንኑ መዝገብ ከበስተጀርባ የሚጽፈው ሂደት ከ2008 ጀምሮ «ዋል ጸሐፊ» ይባል ስለ ነበረ፥ የሠራተኛውና የዕቃ ቤቱ ስም በመጨረሻ ተስማማ።

ፋይሎቹን የደመሰሱት ሰዎች ሰነፎች አልነበሩም፤ ስሙ የነገራቸውን አመኑ እንጂ። እኛም ተማሪዎች ነገ በሥራችን ስም ስናወጣ፥ የራሳችንን ብልኀት ለማሳየት ሳይሆን፥ በሌሊት ተጠርቶ በችኮላ ለሚያነበው ሠራተኛ እናስብ።