አጥንት ስለ መቍጠር

በአገራችን ሰው ሲመካ አጥንቱን ይቈጥራል፤ ሌላውንም ሲንቅ እንዲሁ አጥንቱን ቈጥሮ ነው። በደብረ ታቦር ዙሪያ ባለው ደጋ ማረሻውን የሚያበጅለትን ቀጥቃጭ «ቡዳ ነው» እያለ የሚሸሽ፣ ልጁንም ከልጁ ጋር አላጋባም የሚል ገበሬ በየዘመኑ ኖሯል። ዐፄ ቴዎድሮስ ግን በዚያችው ከተማ አጠገብ፣ ጋፋት ላይ፣ ከአውሮፓ የመጡ የእጅ ባለሙያዎችን አስፍረው መድፍ አሠሩ፤ በ1860 ዓ.ም. እስከ መቅደላ የተጐተተው ሴባስቶፖል የእሳትና የመዶሻ ሥራ ፍሬ ነው። እንግዲህ ይህ ንቀት በእውነት በአጥንት ተጽፎ ይገኛልን? ብዬ እጠይቃለሁ።

በዘመናችን አጥንትን የሚያነብ ጥበብ ተገኝቷል። ከአባትና ከእናት የምንወርሰው ዲ ኤን ኤ የሚባለው ረቂቅ ነገር እንደ መዝገብ ነው፤ ከትውልድ ወደ ትውልድ ሲተላለፍ ጥቂት በጥቂት ስለሚለወጥ ሊቃውንት ለውጡን እያመሳከሩ ማን ከማን መቼ እንደ ተለየ ይገምታሉ። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ2012 በጋሞ ደጋ ሞጣ በሚባል ዋሻ (የጎጃሟ ሞጣ አይደለችም) ከ4,500 ዓመት በፊት የኖረ ሰው አፅም ተገኘ፤ ስሙም ባይራ፣ ማለት በኵር ተባለ። ከጆሮው ውስጥ አጥንት የተነበበው መዝገብ በ2015 ሲታተም ከቀይ ባሕር ማዶ የመጣ ዘር አልታየበትም፤ በዛሬዎቹ ብዙ ደገኞች ግን ይታያል። እንግዶች ከባይራ ዘመን በኋላ መጥተው ከነባሩ ሕዝብ ጋር ተዋልደዋል ማለት ነው። ስለዚህ «ደሜ አልተቀላቀለም» ለሚል ሰው መዝገቡ አይመሰክርለትም።

በዚያው ዓመት የታተመ ሌላ ምርመራ የደቡብ ኦሞን አሪዎች ተመለከተ። በእነርሱም ዘንድ ቀጥቃጭ የተናቀ ነው፤ ገበሬውም አያገባውም። ከሊቃውንት አንዳንዶቹ ቀጥቃጮቹ የጥንት ነባሮች፣ ገበሬዎቹ ኋላ የመጡ ናቸው ይሉ ነበር። መዝገቡ ሲመረመር ግን ሁለቱም ከአንድ አባት ወገን ሆነው ተገኙ፤ የተለያዩትም ባለፉት 4,500 ዓመታት ውስጥ ነው። ቀጥቃጮቹ ተገልለው እርስ በርሳቸው ብቻ ስለ ተጋቡ መልካቸው ሳይሆን መዝገባቸው ተለየ። እንግዲያስ ንቀት ከልዩነት አልተወለደም፤ ልዩነት ከንቀት ተወለደ እንጂ።

ምርመራው ስለ አሪ ነው እንጂ ስለ ጎንደር ቀጥቃጭ አይናገርም። ነገር ግን ወጣት አንባቢ ሆይ፤ የእርሱ ዘር ሌላ ሆኖ ቢገኝስ፣ ባበጀው ማረሻ የታረሰውን እህል እየበሉ እርሱን መናቅ ምን ፍርድ ነው? «ዘሩ ሌላ ነው» ሲሉህ፣ ያን ግንብ ማን እንደ ሠራው ጠይቅ፤ አንተም ድንጋይ አታቀብል።