ወደቡ ቀረብን፣ መርከቦቹ ቀሩልን

የጅቡቲ ባቡር ታሪክ ሲነሳ ሁሉም ለገሃርን ያስቀድማል። እኔ ግን ከሰበታ ልነሳ፤ አዲሱ ሐዲድም የሚነሳው ከዚያ ነው።

ሰበታ በጅማ መንገድ ላይ ያለች የሜታ አቦ ቢራ ከተማ ናት፤ ከባሕር ጋር የሚያዛምዳት ነገር አልነበረም። አሮጌው ባቡር በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ደርሶ ለገሃር ላይ ሲያበቃ፣ የነቀምት ጭነት በቡራዩ፣ የጎጃሙ በሱሉልታ አልፎ መምጣት ነበረበት።

ከዚያ የአሰብ ወደብ መጣ። የኢትዮጵያ ንግድ መርከብ በ1956 ዓ.ም. ሲቋቋም የባሕር ዳርቻው በእጃችን ነበር። ኤርትራ ነፃነቷን ካወጀች በኋላም አሰብ የገቢ ዕቃችን ዋና በር ሆኖ ቆየ፤ በግንቦት 1990 በሁለቱ አገሮች መካከል ጦርነት ሲፈነዳ ግን ጭነቱ ሁሉ ወደ ጅቡቲ ዞረ። ወደቡ ቀረብን፤ መርከቦቹ ቀሩልን። ወደብ የሌለው አገር የራሱን መርከቦች ማሰማራቱ ለብዙዎች ግራ ያጋባል፤ እኔ ግን ካለን ነገር ሁሉ ብልህነት የታየበት ይኸው ይመስለኛል።

በ2004 ዓ.ም. መርከቡ፣ ትራንዚቱና ደረቅ ወደቡ በአንድ ድርጅት ተጠቃለሉ። መልቲሞዳል የሚባለው አሠራርም ተስፋፋ፤ አስመጪው ጅቡቲ ድረስ ትራንዚተር ከመላክ ዳነ። ሻንጋይ ላይ የተጫነው ኮንቴይነር በአንድ የማጓጓዣ ሰነድ ሞጆ ደረቅ ወደብ ይደርሳል፤ ቀረጡም የሚከፈለው እዚያው ነው። ወደቡ ራሱ ወደ መሀል አገር ገባ ቢባል ማጋነን አይሆንም።

በመስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. ደግሞ 750 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝመው በኤሌክትሪክ የሚሠራው ባቡር ተመረቀ። መነሻው ሰበታ ነው። ለምን ሰበታ? ሐዲዱ ወደ ምዕራብ እንዲቀጥል ስለታሰበ ነበር፤ እስካሁን አልቀጠለም። መንገደኛው የሚሳፈረው ከለቡ ነው፤ ኮንቴይነሩ የሚራገፈው እንዶዴና ሞጆ ላይ ነው። የሐዲዱ ራስ የሆነችው ሰበታ የፋብሪካዎቿን ዕቃ እንደ ጥንቱ በተሳቢ ትቀበላለች።

ሰበታ አጠገብ፣ ዓለም ገና ላይ ባለ 40 ጫማ ኮንቴይነር የጫነ ተሳቢ ሲታጠፍ ማየት ነው። መንገዱ ይዘጋል፤ ባጃጆቹ ጡሩምባቸውን ያንባርቃሉ። ረዳቱ ዘሎ ይወርድና የኋላውን ጎማ እያየ፣ በእጁ ኮንቴይነሩን እየደበደበ ይጮሃል፦ «ና! ና! ትንሽ ና! በቃ!»