የርዕደ መሬት ልኬት ታሪክ ከሐረር ጁገል ቤቶች አንጻር

የሐረርን አሮጌ ከተማ የሚከበው የጁገል ግንብ በ16ኛው መቶ ዓመት በአሚር ኑር ዘመን የተሠራ ሲሆን፣ በውስጡ ተጠጋግተው ከቆሙት የድንጋይ ቤቶች ጋር በ1998 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ከተማይቱ የተቆረቆረችው በምሥራቁ ደጋ ላይ ነው፤ በስተሰሜን፣ በድሬዳዋ በኩል፣ ምድሩ ወደ አፋር ዝቅተኛ ቦታ ይወርዳል። አፋር የአፍሪካ፣ የሶማሊያና የዓረቢያ የምድር ቅርፊት ሰሌዳዎች እርስ በርሳቸው የሚራራቁበት ስፍራ በመሆኑ፣ የርዕደ መሬት ጉዳይ ለሐረር ሕዝብ የሩቅ አገር ወሬ አይደለም። ይሁን እንጂ ምድር ተንቀጠቀጠ በተባለ ቁጥር የሚነገረው አንድ ቁጥር ብቻ ነው። ያ ቁጥር ምን እንደሚለካና ምን እንደማይለካ ለይቶ ማወቅ ለመምህሩም ሆነ ለፕላን አዘጋጁ ተፈላጊ ነው።

ነገሩ በነጋሪት ምሳሌ ሊገለጽ ይችላል። ጎሳሚው ነጋሪቱን የመታበት ኃይል አንድ ነው፤ ድምፁ ግን በአጠገቡ ላለው ከባድ፣ ከተራራው ማዶ ላለው ደካማ ሆኖ ይሰማል። እንደዚሁም የርዕደ መሬት መጠን የሚለካው ከምንጩ ስለሆነ፣ ለአንድ ርዕደ መሬት አንድ መጠን ብቻ ይኖረዋል። የንዝረት ብርታት ግን በየስፍራው የሚመዘን በመሆኑ፣ እንደ ርቀቱና እንደ አፈሩ ጠባይ ይለያያል።

ከሁለቱ ቀድሞ የታወቀው ብርታትን የመመዘን ዘዴ ነው፤ መሣሪያ ባልነበረበት ዘመን ምስክሩ የሰው ስሜትና የቤቱ ጉዳት ነበርና። በ1835 ዓ.ም. አንኮበርን የጎዳው ርዕደ መሬትና የመሬት መንሸራተት ለታሪክ የደረሰው በዘመኑ በነበሩ ሰዎች ጽሑፍ ነው። ጣሊያናዊው ጁሴፔ መርካሊ እ.ኤ.አ. በ1902 ያቀረበው መለኪያ ኋላ ወደ 12 ደረጃዎች ሰፍቶ፣ በ1931 በአሜሪካ እንደገና ተሻሻለ። በዚሁ መለኪያ 3ኛው ደረጃ በቤት ውስጥ ያሉ ሰዎች የሚሰማቸው ቀላል ንዝረት ነው። በ6ኛው ሁሉም ሰው ይሰማዋል፤ የቤት ዕቃ ከቦታው ይንቀሳቀሳል፤ ልስን ይረግፋል። በ8ኛው ደካማ ቤቶች ክፉኛ ይጎዳሉ። 12ኛው ፍጹም ጥፋት ነው።

የመጠን ልኬት የመጣው ዘግይቶ ነው። አሜሪካዊው ቻርልስ ሪክተር እ.ኤ.አ. በ1935 ከቤኖ ጉተንበርግ ጋር በመመካከር በመዝጋቢ መሣሪያ ላይ የሚታየውን የሞገድ ከፍታ ከርቀቱ ጋር አገናዝቦ በሎጋሪዝም የሚያሰላ ዘዴ አወጣ። በዚህ ስሌት መጠኑ በአንድ ሲጨምር የሞገዱ ከፍታ 10 እጥፍ፣ የሚለቀቀው ጉልበት ደግሞ 32 እጥፍ ገደማ ይሆናል። ስለዚህ መጠኑ 6 የሆነ ርዕደ መሬት መጠኑ 4 ከሆነው 1,000 እጥፍ ጉልበት ይለቃል፤ ይኸውም ወደ 63 ትሪሊዮን ጁል ወይም ወደ 17.5 ሚሊዮን ኪሎ ዋት ሰዓት ይደርሳል። የሪክተር ዘዴ በታላላቅ ርዕደ መሬቶች ላይ ልዩነታቸውን አሳንሶ የሚያሳይ ሆኖ በመገኘቱ፣ ሂሮ ካናሞሪና ቶማስ ሃንክስ እ.ኤ.አ. በ1979 የተሰነጠቀውን አለት ስፋት፣ የተንሸራተተበትን ርቀትና የአለቱን ጽናት አባዝቶ የሚነሣ ሌላ ልኬት አቀረቡ። ዛሬ ባለሙያዎች በአብዛኛው የሚሠሩት በዚሁ ቢሆንም፣ በዜና ማሰራጫ የሪክተር ስም አልተለወጠም።

ወደ አገራችን ታሪክ ስንመለስ፣ ነሐሴ 19 ቀን 1898 ዓ.ም. በስምጥ ሸለቆው የደረሰው ርዕደ መሬት መጠኑ 6.8 እንደነበረ የተተመነው በውጭ አገር ጣቢያዎች ከተገኘ መዝገብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1957 እና በ1958 በተካሄደው የዓለም አቀፍ የጂኦፊዚክስ ዓመት ወቅት ግን ካናዳዊው ካህን ፒየር ጉዌን በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የጂኦፊዚክስ መመልከቻ ጣቢያ አቋቋሙ። ጣቢያው ገና ለጋ ሳለ፣ ግንቦት 24 ቀን 1953 ዓ.ም. በካራ ቆሬ አካባቢ መጠኑ ወደ 6.5 የሚጠጋ ርዕደ መሬት ደረሰ፤ ማጀቴ ፈረሰች፤ በካራ ቆሬም በርካታ ቤቶች ወደሙ። መጋቢት 20 ቀን 1961 ዓ.ም. ደግሞ በአፋር የሰርዶ መንደር ፈርሳ የሰው ሕይወት ጠፋ። ጉዌን የመሣሪያውን መዝገብ ከዜና መዋዕልና ከመንገደኞች ጽሑፍ ጋር አስተያይተው እ.ኤ.አ. በ1979 የኢትዮጵያንና የአፍሪካ ቀንድን የርዕደ መሬት ታሪክ በመጽሐፍ አሳተሙ።

ከዚህ ታሪክ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። የ1953ቱ ርዕደ መሬት ከ1898ቱ በመጠን ያነሰ ሆኖ ሳለ ማጀቴን ያፈረሰው፣ ምንጩ ለሰው መኖሪያ ቅርብ፣ ቤቶቹም ንዝረት የማይችሉ ስለነበሩ ነው። የካቲት 7 ቀን 2017 ዓ.ም. በፈንታሌ አካባቢ የደረሰው ርዕደ መሬትም መጠኑ 6.0 ነበር። ይህ ቁጥር ለአዋሽም፣ ለአዲስ አበባም፣ ከስፍራው ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ለምትርቀው ሐረርም አንድ ነው፤ ብርታቱ ግን በሦስቱም አንድ ሊሆን አይችልም።

የሐረር ችግር ከዚህ ላይ ይነሣል። የመርካሊ መለኪያ የተቀረጸው በጣሊያንና በአሜሪካ ቤቶች በመሆኑ፣ ከምልክቶቹ አንዱ የጭስ ማውጫ ግንብ መውደቅ ነው። የጁገል ቤት ጭስ ማውጫ የለውም። ግድግዳው በጭቃ የተያያዘ ድንጋይ ነው፤ የጥንቱ ጣሪያ በእንጨት ወራጆች ላይ የተደለደለ ከባድ አፈር ነው። እንዲህ ያለው አሠራር ሙቀትን ቢከላከልም፣ ወደ ጎን ለሚገፋ ንዝረት ደካማ መሆኑ በምሕንድስና ይታወቃል። በአንጻሩ በግድግዳው ላይ የተሰቀሉት ስፌቶችና ሳህኖች፣ ነደባ በሚባለው ደረጃ መደብ ላይ የተቀመጡት ዕቃዎችም ለቀላል ንዝረት መልካም ምስክር ናቸው። የትኛው ሳህን ተወዛወዘ፣ የትኛው ወደቀ፣ የትኛው ግድግዳ ተሰነጠቀ ብሎ መመዝገብ መለኪያውን ከአገሩ ቤት ጋር ማስማማት ነው።

እ.ኤ.አ. በ1995 የወጣው የሕንፃ ደንብ አገሪቱን በርዕደ መሬት አደጋ ቀጠናዎች ከፍሎ ነበር፤ ሆኖም ደንቡ ይመራ የነበረው አዲስ ግንባታን ስለነበረ፣ በጭቃ የተያያዘውን ያለፈ ዘመን ቤት በራሱ አላጠነከረውም። ለዚህ በየስፍራው የተሰበሰበ የብርታት መዝገብ ያስፈልጋል። መምህሩ ንዝረት በተሰማ ዕለት ሰዓቱን፣ ሰፈሩን፣ የቤቱን ዓይነትና የታየውን ምልክት ከተማሪዎቹ ጠይቆ በአንድ ገጽ ቢያሰፍርና ለአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የጂኦፊዚክስ ተቋም ቢልክ፣ ጉዌን ከአሮጌ ጽሑፎች በብዙ ድካም የለቀሙትን ዓይነት ማስረጃ ለሚቀጥለው ትውልድ አዘጋጅቶ ያቆየዋል። የጁገልን ግድግዳ ለመጠገን ገንዘብ የሚመድበው ፕላን አዘጋጅም ከየትኛው ቤት መጀመር እንደሚገባው የሚያውቀው ከእንዲህ ያለው መዝገብ ነው።