ከራምቦ ቤት እስከ መጻሕፍቱ ቤት

ጆሯችሁን አውሱኝማ! ዛሬ ሐረር ይዣችሁ ልሂድ። ዓመታቱንና ቀናቱን በፈረንጅ አቆጣጠር እጠራለሁ፤ ታሪኩ ግን የእኛው ከተማ ታሪክ ነው።

ዘመኑ 1880፣ ወሩ ታኅሣሥ ነው። ከዘይላ ወደብ የተነሣ አንድ የ26 ዓመት ፈረንሳዊ የሶማሌን በረሃ 20 ቀን በፈረስ ተጉዞ ጀጎል ግንብ ሥር ደረሰ። የላከው ኤደን ላይ የተቀመጠው የባርዴ ንግድ ቤት ነው፤ ሥራው ቡናና ቆዳ መግዛት። ያኔ ሐረርን የያዟት ግብፆች ነበሩ። የሰውዬው ስም አርተር ራምቦ ይባላል።

ይህ ሰው የፈረንሳይን ግጥም መንገድ ያስቀየረ ባለቅኔ ነበር። «ነበር» ያልኩት በምክንያት ነው፤ ሃያ አንድ ዓመት ገደማ ሲሆነው ብዕሩን ጥሏል። ሐረር ሲገባ የያዘው የሒሳብ መዝገብ እንጂ የግጥም ደብተር አልነበረም። ቀጣሪው እንኳ ባለቅኔነቱን የሰማው ዘግይቶ፣ ያውም ከሌላ ሰው አፍ ነው።

ሦስት ጊዜ መጣ፤ ሦስት ጊዜ ሄደ። ለሁለተኛ ጊዜ ሲመጣ፣ በ1883፣ ከሊዮን ከተማ ያስመጣው ካሜራ አብሮት ነበር። አንድ ጊዜ በቡና ተክል መካከል፣ አንድ ጊዜ በሙዝ ተክል መካከል ቆሞ ራሱን ፎቶ አነሣና ለእናቱ ላከላት። በደብዳቤው ላይ ታዲያ ፎቶዎቹ ነጣ ማለታቸውን ይነግራታል፤ ያጠበበት ውኃ መጥፎ ነበር። እስኪ አስቡት፤ ዛሬ ዓለም የሚያያቸው እነዚያ የደበዘዙ ምስሎች የሐረር ውኃ የነካቸው ናቸው። ከተማዋ ፊርማዋን አትማባቸዋለች።

ከ1888 ጀምሮ የራሱን ንግድ ይዞ ተቀመጠ። በ1891 ግን ጉልበቱ አበጠ፤ መራመድ አቃተው። ሚያዝያ ላይ 16 ሰው ቀጥሮ በቃሬዛ ተሸክመውት ወደ ዘይላ ወረደ። ማርሴይ ሲደርስ እግሩን ቆረጡት። በዚያው ዓመት ኅዳር 10 ቀን በ37 ዓመቱ ሞተ። በመጨረሻዎቹ ቀናት ከአፉ ያልጠፋው ጃሚ የሚባለው የሐረር አገልጋዩ ስም ነበር። ለእሱም ገንዘብ እንዲሰጠው ተናዞለታል።

እንግዲህ ሰውዬው ሞተ፤ ስሙ ግን ገነነ። ግጥሞቹን ያነበበ ሁሉ «ይህ ሰው ዝም ያለባት ከተማ የቷ ናት?» እያለ ይመጣ ጀመር። ኑ፣ እኛም ከእንግዶቹ ጋር እንግባ። ከፈረስ መጋላ አደባባይ ተነሥተን «መኪና ግርግር» በሚባለው መንገድ እንውረድ። መንገዱ ይህን ስም ያገኘው ከልብስ ስፌት መኪናዎቹ ድምፅ ነው። ግራና ቀኝ ልብስ ሰፊዎቹ ተደርድረው ይሰፋሉ፤ ጨርቁ ቀለም በቀለም ተንጠልጥሏል። ጠባቡን መንገድ ትተን ስንታጠፍ የሐረር ልጆች «ራምቦ ቤት» የሚሉት ፎቅ ብቅ ይላል። እንጨቱ በጥንቃቄ የተፈለፈለ፣ ጣሪያው በሥዕል ያጌጠ ነው፤ የመስኮቱ ባለቀለም መስታወት ፀሐይዋን ቀይና ሰማያዊ አድርጎ ወለሉ ላይ ያፈስሳታል። ውስጡ የጥንቷ ሐረር ፎቶግራፎች፣ የራምቦም ምስሎች አሉ።

አሁን ልብ ብላችሁ ስሙኝ። ይህ ቤት የራምቦ አይደለም። ያሠራው ህንዳዊ ነጋዴ ነው፤ የተሠራውም ራምቦ ከሞተ በኋላ ነው። ባለቅኔው የኖረባቸው ቤቶች ሌሎች ናቸው።

«ታዲያ ይዘጋ?» የሚለኝ ይኖራል። አይዘጋ! ለምን ይዘጋል? እውነቱ ይነገርበት እንጂ። እንግዳ እውነቱን ሲሰማ ቤቱን አይንቅም፤ እንዲያውም ሁለተኛ ታሪክ ያተርፋል። ከባሕር ማዶ መጥቶ ሐረር ላይ ይህን የመሰለ እንጨት ያስፈለፈለው ህንዳዊ ማን ነው? ቡናው፣ ጨርቁ፣ ቆዳው በየት በኩል ይመላለስ ነበር? ይህ ሁሉ በዚያው ግድግዳ ላይ ሊጻፍ የሚገባው ነው። የሥነ ጽሑፍ ቅርስ በቃል ላይ የቆመ ቅርስ ነው፤ ቃሉ ካልታመነ ምን ይቀረዋል?

ደግሞ አንድ ነገር ልጨምርላችሁ። የራምቦ የትውልድ ከተማ ሻርልቪል በወንዝ ዳር፣ በአሮጌ ወፍጮ ቤት ውስጥ ቤተ መዘክር ሠርታለታለች። ሐረር ከእሷ ጋር መሽቀዳደም አያስፈልጋትም፤ እሷ የሌላት ሀብት አላትና። አብራችሁኝ ኑ፤ ሩቅ አይደለም።

የራስ ተፈሪ ቤት ወደሚባለው ግቢ እንግባ። አብዱላሂ ሸሪፍ ለብዙ ዓመታት ከየሰዉ ቤት ለቅመው ያሰባሰቡት የግል ቤተ መዘክር እዚህ ነው። ከ1 ሺህ በላይ የእጅ ጽሑፎች ተቀምጠውበታል። አንዱን በቅርብ እዩት፤ ሽፋኑ ቆዳ ነው፤ በላዩ ጌጥ ታትሞበታል፤ ከጎኑ እንደ ኤንቨሎፕ የሚታጠፍ ክዳን አለው። ሐረር መጽሐፍ የሚጻፍባት ብቻ ሳትሆን የሚጠረዝባትም ከተማ ነበረች። የሐረሪ ሕዝብ ከተማውን «ጌይ» ይላታል፤ ቋንቋውንም በዓረብኛ ፊደል እየጻፈ አቆይቶታል። ራምቦ በዚህች ከተማ የሒሳብ መዝገቡን ሲሞላ፣ በየግቢው ቁርኣን የሚገለብጡ፣ መንዙማ የሚያዜሙ ሰዎች ነበሩ። እሱ ዝም ሲል ከተማዋ ዝም አላለችም።

ያ ቃል ዛሬም ሕያው ነው። ከረመዳን በኋላ የሚጾመው የስድስት ቀን ጾም ሲፈታ ሐረር የሹዋሊድን በዓል ታከብራለች፤ ዚክሩ በከበሮ ታጅቦ ይዘልቃል። ዩኔስኮ ጀጎልን በ2006 በዓለም ቅርስነት መዝግቧል፤ ሹዋሊድን ደግሞ በ2023 በማይዳሰስ ቅርስነት። አንዱ ግንቡ ነው፤ ሌላው በግንቡ ውስጥ ያለው ድምፅ።

እንግዲህ ነገሬ ይኸው ነው፤ ራምቦ ቤትና መጻሕፍቱ ቤት በአንድ መንገድ ይያያዙ። በአየርላንዷ ደብሊን ሰዎች በየዓመቱ ሰኔ 16 ቀን ጄምስ ጆይስ በጻፈው ልቦለድ ውስጥ ያለው ሰው የሄደበትን ጎዳና እየተከተሉ ይውላሉ፤ እዚያ መንገዱ ራሱ ቤተ መዘክር ሆኗል። ጀጎል ደግሞ በእግር ለሚሄድ የተሠራች ናት። እንግዳው በፈረንሳዊው ስም ይግባ፤ በሐረሪ መጽሐፍ ይውጣ። በመሃል ከልብስ ሰፊዎቹ ዘንድ ልብስ ያሰፋ፤ ከሐረሪ ቤት ገብቶ ስፌቱን ይይ፤ ቡና ይጠጣ፤ ገንዘቡም እዚያው ሰፈር ይቅር። ጥንታዊውን ገጽ እጅና ብርሃን እንዳይጎዳው ቅጂው ይታይ። ጽሑፉን የሚያነብ ሰው ይቁምና ድምፁ ይሰማ፤ ትርጉሙም በሐረሪ፣ በኦሮምኛ፣ በአማርኛ ይቅረብ።

በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል ይባላል። በሩቅ አገር ሰው ስም የከፈትነውን በር የራሳችንን መጻሕፍት ሳናሳይ አንዝጋው። ሐረር የምትሄዱ ሁሉ፣ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ሂዱ። ራምቦ ቤትን ካያችሁ በኋላ ወደ ሆቴላችሁ አትመለሱ፤ ጥቂት እርምጃ ቀጥሉና መጻሕፍቱን ጠይቁ።